ሕይወትን ስለ መለወጥና ሥራን ስለ መምረጥ

(በዋግ ኽምራ፣ በጋዝጊብላ ወረዳ፣ በአስከተማ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ጥያቄ ይህ ነው፤ «ሰው ደስታንና ትርጉም ያለውን ሥራ ለማግኘት ብሎ ኑሮውን ሊለውጥ ይገባዋልን?» ጥያቄውን ያቀረቡልን የዚሁ ከተማ ወጣቶች ናቸው። ለምን እንደ ጠየቁም እናውቃለን። ከእነርሱ መካከል ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ለመውረድ ስንቃቸውን የቋጠሩ አሉ። አዲስ አበባ ካለ ዘመድ ስልክ የሚጠብቁ አሉ። ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ የሚያስቡ እኅቶችም አሉ። ስለዚህ ጥያቄው ለወግ ያህል የተነሣ አይደለም፤ ስንት ቤት በየማታው እሳት ዳር የሚመከርበት ጉዳይ ነው።

ነገር ግን ጥያቄው የወጣቶቹ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእኛም የፕሮጀክት ሠራተኞች ጥያቄ ነው። እውነቱን እንናገርና፣ ወደ ጋዝጊብላ ስንመጣ ከመካከላችን በደስታ የመጣ አልነበረም። አንዳንዶቻችን የመጣነው የሥራ ማስታወቂያው የወጣው እዚህ ስለ ሆነ ነው። አንዳንዶቻችን የበረሓ አበል ስላለው ነው። በተከራየንበት ቤት ግድግዳ ላይ የቀን መቁጠሪያ ሰቅለን ነበር፤ በየማታው በእስክሪብቶ አንድ ቀን እንሰርዝ ነበር። የዝውውር ማመልከቻችን ቀኑ ብቻ ሳይሞላ ተጽፎ በሻንጣችን ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ላይ የእርከን ሥራ ስንለካ አንዲት ባልቴት እናት ከማሳቸው ዳር ቆመው ሲመለከቱን ቆዩና፣ «ልጆቼ፣ ስማችሁን ልያዝ ወይስ ይቅር?» ብለው ጠየቁን። ነገሩ ስላልገባን ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ጠየቅናቸው። «ከእናንተ በፊት ብዙዎች መጥተው ነበር፤ ስማቸውን ስይዝ ይሄዳሉ» አሉን። በቁጣ የተናገሩት አይደለም። ቀልድም አልነበረም። ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸውና የማይቆይ ስም ለመያዝ ራሳቸውን ማድከም አልፈለጉም።

ያን ቀን ማታ ቀኑን ከመሰረዛችን በፊት ረጅም ጊዜ ዝም ብለን ተቀመጥን። የዛሬው ንግግራችን የተጀመረው በዚያች ጥያቄ ነው ብንል አንዋሽም።

፩. ያልተመረጠ ለውጥ

በመጀመሪያ አንድ ነገር መለየት ይገባል። በዚህ አገር ሰዎች ኑሮአቸው ተለውጦባቸዋል፤ ኑሮአቸውን ለውጠዋል ማለት ግን አይደለም። በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ።

በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን ረኃብ ከእናንተ መካከል በዓይኑ ያየ አለ፤ ያላየውም ከወላጆቹ ሰምቷል። ዋግ በዚያን ጊዜ የወሎ ክፍለ ሀገር አካል ነበር። እህል ሲጠፋ፣ ከብት ሲያልቅ፣ ስንቱ ቤቱን ዘግቶ በእግሩ ወደ ኮረም ወረደ። ከዚያም የሰፈራው ዘመቻ መጣ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋና በጎጃም ውስጥ ወደ መተከል ተወሰደ። በፈቃዱ የሄደ ነበረ፤ ተገዶ የተጫነም ነበረ፤ ከሚስቱና ከልጆቹ የተለየም ነበረ። የሄዱበት መሬት ለም ነው ተብሎ ነበር። በእርግጥም ዝናብ ነበረው። ነገር ግን ደጋ ያደገ ሰው ቆላ ሲገባ ወባው ጠበቀው፤ ሀዘኑንና ደስታውን የሚያውቅለት ጎረቤትም አጣ። የመንግሥት ለውጥ ከመጣ በኋላ ብዙዎች ያን ሁሉ ዝናብ ትተው ወደዚህ ወደ ደረቀው አገራቸው ተመለሱ።

ይህን ታሪክ የምናነሣው ያለፈውን ለመውቀስ አይደለም። ከእርሱ የምንማረው ነገር ስላለ ነው። መሬቱ ቢሻልም እንኳ ለሰው ኑሮ የሚመርጥለት ሌላ ሲሆን ያ ኑሮ የራሱ አይሆንም። ረኃብ ሲያሳድድ፣ ጦርነት ሲያፈናቅል የሚሆነውም ይኸው ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ከአበርገሌና ከሌሎችም ወረዳዎች ተፈናቅለው ወደ ሰቆጣ የመጡ ወገኖቻችን ኑሮአቸው ከሥሩ ተለውጧል፤ መርጠውት ግን አይደለም። ለእነዚህ ወገኖች «ሕይወታችሁን ለውጡ» ብሎ መስበክ ድፍረት ነው። የሚያስፈልጋቸው እንደ ገና መምረጥ የሚችሉበት አቅም ነው፤ አንድ በሬ፣ ዘር፣ በሰላም የሚያድሩበት ቤት።

ስለዚህ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደውን አባወራ አንወቅሰውም። ልጆቹን ለማብላት ነው የሚሄደው። እኛ ዛሬ የምንናገረው ምርጫ ላለው ሰው ነው። ጥቂትም ብትሆን ምርጫ በእጁ ያለች ሰው ምን ያድርግባት? ጥያቄው ይህ ነው።

፪. ከግሸን የተመለሱት እናት

ስለ ምርጫ ስንናገር ከሩቅ አገር ምሳሌ መፈለግ አያስፈልገንም። ከዚህ በስተ ደቡብ፣ በዚያው በቀድሞው ወሎ ውስጥ፣ ግሸን ማርያም አለች። እ.ኤ.አ. በ1980 ወይዘሮ አበበች ጎበና ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ግሸን ለመሳለም ሄዱ።

ወይዘሮ አበበች በዚያን ጊዜ የተሟላ ኑሮ ነበራቸው። ኑሮውን ያገኙት ግን በብዙ ድካም ነው። በ1928 ዓ.ም. በሸዋ ሸበል አቦ በምትባል የገጠር መንደር ተወለዱ፤ አባታቸው በጣልያን ወረራ ጊዜ ሞቱባቸውና አያቶቻቸው አሳደጓቸው። በ10 ዓመት ዕድሜያቸው ገደማ ያለ ፈቃዳቸው ተዳሩ። ከዚያ ትዳር አምልጠው አዲስ አበባ ገቡ፤ ተማሩ፤ በቡናና በእህል ንግድ ድርጅት ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆነው ተቀጠሩ፤ አግብተውም ቤት መሠረቱ። ከልጅነት መከራ ወጥቶ እንዲህ ያለ ኑሮ የደረሰ ሰው «እንግዲህ አረፍሁ» ቢል ማን ይፈርድበታል?

ወደ ግሸን በሄዱበት ጊዜ አካባቢው በረኃብ ተመትቶ ነበር። ወይዘሮ አበበች በመንገድ ላይ የወደቁ ሰዎችን አዩ። በእጃቸው የነበረው ጥቂት ዳቦና ጸበል ነበር፤ እርሱን አካፈሉ። ከዚያም እናቷ የሞተችባትን ሕፃን አገኙ። ሕፃኗንና አንድ ሌላ ወላጅ አልባ ልጅ ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ወይዘሮ አበበች ከቤታቸው ሲወጡ ሕይወታቸውን ለመለወጥ አስበው አልነበረም። የደስታ ምንጭ እንፈልግ ብለውም አልተነሡም። ሊሳለሙ ሄዱ፤ በመንገዳቸው ላይ ያገኙትን ግን ዓይናቸውን ጨፍነው አላለፉትም። ምርጫው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባለቤታቸውና ዘመዶቻቸው ይህን አልወደዱትም፤ ከልጆቹና ከትዳሩ አንዱን እንዲመርጡ ተጠየቁ። ልጆቹን መረጡ። የሞቀ ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር በአንዲት ደሳሳ መጠለያ ውስጥ ገቡ፤ ምግብ እያዘጋጁና እየሸጡ ልጆቹን ማሳደግ ጀመሩ። ድርጅታቸው በሕግ የተመዘገበው ከዚያ ስድስት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። እስከዚያ ድረስ የነበረው የዕለት እንጀራ ፍለጋ ነው። በመጨረሻም ብዙ ሺህ ሕፃናትና እናቶች የተረዱበት የሕፃናት ክብካቤና የልማት ድርጅት ሆነ። «እዳዬ» እየተባሉ፣ የብዙዎች እናት ሆነው ኖሩ፤ ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በ85 ዓመት ዕድሜያቸው ዐረፉ።

ይህን ታሪክ ስንናገር የሚያምረውን ብቻ ነቅሰን ልናወጣ አይገባንም። ትዳር ፈርሷል። ባልየውም የራሱ ሕመም ሳይኖረው አይቀርም፤ ያላሰበው 21 ልጅ ቤቱ ገብቶበታልና። ሕይወትን የሚለውጥ ሰው ዋጋውን ብቻውን አይከፍልም፤ አብረውት ያሉትም ይከፍላሉ። ስለዚህ ከእናንተ ማንም ይህን ሰምቶ ነገ ጠዋት ቤቱን ጥሎ ይውጣ አንልም። የምንለው ይህን ነው፤ ዋጋ የሌለው ለውጥ የለም፤ ዋጋውን ማን እንደሚከፍል አስቀድማችሁ ቁጠሩ፤ ከሚከፍሉትም ጋር ተነጋገሩ።

፫. ሦስት ዓመት የነበረው ውል

አሁን ደግሞ ወደ ኮንትራት ሠራተኞች ወደ እኛ እንመለስ። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ የአውስትራሊያና የኒው ዚላንድ ሰዎች ናቸው። በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ በአዲስ አበባ የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም ሐኪም ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ አነበቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1959 ትንሹን ልጃቸውን ይዘው መጡ። ውላቸው የሦስት ዓመት ነበር። የሥራ ቦታቸውም ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ነበር።

በዚያ ያላሰቡትን አገኙ። በምጥ ቀናት ሙሉ ተሠቃይተው፣ ልጃቸው ሞቶ፣ ሽንታቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው፣ ከባልና ከጎረቤት የተገለሉ ወጣት እናቶች ወደ ሆስፒታሉ ይመጡ ነበር። ሕመሙ ፌስቱላ ይባላል። ሐምሊኖች ከዚያ በፊት ይህን በሽታ አላዩም ነበር። ሕክምናውን ከመጻሕፍትና ሌሎች ሐኪሞች ከጻፉት እያጠኑ ተማሩት። እ.ኤ.አ. በ1974 የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1993 ዐረፉ። ዶክተር ካትሪን ግን እ.ኤ.አ. መጋቢት 2020 በ96 ዓመታቸው እዚያው አዲስ አበባ እስኪያርፉ ድረስ ቆዩ። የሦስት ዓመቱ ውል 60 ዓመት ሆነ ማለት ነው። ከ60 ሺህ በላይ እናቶችም በሆስፒታሎቻቸው ታክመዋል።

እነዚህ ሰዎች በመጀመሪያው ቀን 60 ዓመት እንቆያለን ብለው አልማሉም። እንዲህ ዓይነቱን መሐላ ማን ይችለዋል? የመረጡት ሌላው የሦስት ዓመት ውል ሲያልቅ አንድ ዓመት መጨመርን፣ ያም ሲያልቅ ሌላ መጨመርን ነው። በየጊዜው ከፊታቸው አንዲት ታማሚ ነበረች። ትልቅ የሚመስለን ውሳኔ ከቅርብ ሲያዩት ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፤ ትንሽ ሆኖ ደጋግሞ የሚወሰን።

ነገር ግን ከሐምሊኖች ይልቅ እኛን የምትቀርበን ሌላ ሴት አለች። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ ሐምሊኖች የመጣችው በታማሚነት ነው። ዕድሜዋ 16 ዓመት ገደማ ነበር። የደጋ ገበሬ ልጅ ናት፤ ማንበብና መጻፍ አታውቅም ነበር። ከታከመች በኋላ እዚያው ቀረች። ሥራዋ አልጋ ማንጠፍ፣ ታማሚዎችን ማጽናናትና በቀዶ ሕክምናው ክፍል መሣሪያ ማቀበል ነበር። እያየች ተማረች። ዶክተር ሬጂናልድ እጇን እየመሩ አስተማሯት። በመጨረሻም ራሷ የፌስቱላ ቀዶ ሕክምና የምታደርግና ከሌላ አገር የመጡ ሐኪሞችን የምታሠለጥን ባለሙያ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደን የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳልያ ከሸለማቸው አንዷ ሆነች።

ትርጉም ያለው ሥራ የሚገኘው ዲግሪ ላለው ነው የምትሉ ወጣቶች፣ የወይዘሮ ማሚቱን መንገድ አስቡ። አልጋ ከማንጠፍ ጀመረች። ሌላም ነገር አስቡ። ያገለገለቻቸው ሴቶች እርስዋ የታመመችውን ሕመም የታመሙ ነበሩ። ሰው ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚያገኘው ራሱ በተጎዳበት ስፍራ ነው። ረኃብን የሚያውቅ የዋግ ልጅ ስለ ሕፃናት ምግብ ሲያስተምር ከማናችንም የተሻለ ይሰማል። ውኃ ለመቅዳት ሰዓታት የተጓዘች ልጅ የምንጭ ማጎልበት ሥራን ብትማር ቧንቧው ሲሰበር ዝም ብላ አታልፈውም።

፬. ቦታ ሳይለቁ መለወጥ

«እንግዲህ ሕይወትን መለወጥ ማለት የግድ አገር መልቀቅ ነውን?» የሚል ይኖራል። አይደለም። በደቡብ ጎንደር ፎገራ ወረዳ አውራ አምባ የምትባል መንደር አለች። አቶ ዙምራ ኑሩና 18 ሌሎች ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1972 አብረው መኖር ሲጀምሩ ያላቸው መሬት እጅግ ጥቂት ነበር። የእምነት አመለካከታቸው ከእኛ ይለያል፤ ያን ሳንደብቅ ከሥራቸው ግን እንማራለን። በዚያች መንደር ሴት ታርሳለች፤ ወንድ እንጀራ ይጋግራል፤ አረጋውያን በኅብረተሰቡ ይጦራሉ። መሬቱ ስለማይበቃቸው ሽመናን ዋና ሥራቸው አደረጉ፤ ኋላም ወፍጮ አቆሙ። በዙሪያቸው ያለው ሕዝብ በመጀመሪያ እንደ እብድ ቆጠራቸው፤ በደርግ ዘመን መጨረሻም ከቀያቸው ተሰደው ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ሄደው ነበር። ከለውጡ በኋላ ግን ተመልሰው ያንኑ መንደር እንደ ገና ጀመሩ።

እነርሱ የለወጡት ቦታቸውን አይደለም። ማን ምን እንደሚሠራ ነው የለወጡት። በጋዝጊብላ ያለች አንዲት እናት በቀን ስንት ሰዓት ትሠራለች? ከሌሊቱ ወፍጮ ጀምሮ እስከ ማታው እንጨት ድረስ ቁጠሩላት። ባልዋ ውኃ መቅዳትን ከእርስዋ ቢቀበል የዚያ ቤት ሕይወት ተለውጧል፤ ማንም አንድ እርምጃ ወደ መተማ ሳይራመድ። ይህ ትንሽ ነገር የሚመስለው እንስራ ተሸክሞ ለማያውቅ ብቻ ነው።

፭. እንዴት እንምረጥ?

እንግዲህ ነገራችንን በተግባር እንጨርስ።

ለወጣቶች የምንላችሁ፤ ከመሄዳችሁ በፊት እዩ። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ለመሥራት የንጉሥ ጠጅ አሳላፊነቱን ትቶ በመጣ ጊዜ ወዲያው ድንጋይ አላነሣም። በሌሊት ወጥቶ የፈረሰውን በዓይኑ ዞሮ አየ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ልትሄዱበት ስላሰባችሁት ስፍራ ደላላውን ሳይሆን ሄዶ የተመለሰውን ሰው ጠይቁ። ብር ይዞ የተመለሰውን ብቻ አይደለም፤ ባዶ እጁን የተመለሰውንም ጠይቁት። ደግሞ አገራችሁንም በዚያው ዓይን ዞራችሁ እዩ። የዋግ ማር በሩቅ ይታወቃል፤ ስንት ወጣት ነው ዘመናዊ ቀፎ መያዝ የተማረው? ፍየል አለ፤ በጥር በሕዝብ ጉልበት የተሠራ ስንት እርከን አለ፤ በእርከኑ ላይ የበቀለውን ሣር አጭዶ ከብት ማደለብን የያዘው ማን ነው? ሁሉን አይታችሁ መሄድን ከመረጣችሁ፣ ሂዱ፤ እንጸልይላችኋለን። የሸሻችሁ ግን አትሁኑ፤ የመረጣችሁ ሁኑ። የሸሸ ሰው በሄደበትም ይሸሻል።

ለምእመናን የምንላችሁ፤ የሚለወጥን ሰው ብቻውን አትተዉት። ወይዘሮ አበበች ልጆቹን ይዘው ሲወጡ ገና ከመጀመሪያው አንድ ዕድር፣ አንድ ጉባኤ አብሯቸው ቆሞ ቢሆን መንገዱ ባልከበደ ነበር። ከመካከላችሁ አንዱ ወጣት ንብ ማነብ ልጀምር ሲል፣ አንዲት እኅት የማታ ትምህርት ልማር ስትል፣ የመጀመሪያዎቹ ሣቂዎች አትሁኑ። ሠርቶ ቢወድቅ የሚያነሣው እንዳለ ያወቀ ሰው ይደፍራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ነው።

ለእኛ ለፕሮጀክት ሠራተኞች የምንለው፤ ይህ በጣም ይከብዳል፤ ስለ ራሳችን ነውና። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ቃል ሲገባ ያን ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ ጠራው። የዚህ አገር ስም ለመላው ኢትዮጵያ የቃል ኪዳን ስም ሆነ ማለት ነው። እኛ ደግሞ በዚህ ስፍራ ስንሠራ ከቃል ኪዳኑ ይልቅ የዝውውር ደብዳቤውን እንጠብቅ ነበር። መቀንጨር በሁለት ዓመት ውል የሚያልቅ ሥራ አይደለም። አንዲት እናት ከእርግዝናዋ ጀምሮ ልጅዋ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሊጎበኛት የሚገባው ሰው በመካከል ሦስት ጊዜ ከተለዋወጠ ሁልጊዜ «ስምሽ ማን ነው?» ከማለት መጀመር ነው። በመጋዘን የተቆለለው እህል ቆጥሮ ማስረከብ ይቻላል። የሰውን መተማመን ግን በሰነድ ማስረከብ አይቻልም፤ እርሱ ከሄደው ሠራተኛ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ይህን ስንል የሄደ ሁሉ በደለ አንልም። ከመካከላችን አንዱ ወንድማችን ባለፈው ዓመት እናቱ ታምማ የሚያስታምማት ስላልነበረ ወደ አገሩ ተመልሷል። ትክክል አደረገ። መቆየት ብቻውን ጽድቅ አይደለም፤ ከቂም ጋር የሚቆይ ሠራተኛ ከሚሄደው የባሰ ነው። ፊቱን አጨፍግጎ እርዳታ የሚያድል ሰው ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ለራሳችን የምናቀርበው ጥያቄ «እንቆያለን ወይስ እንሄዳለን?» የሚለው ብቻ ሊሆን አይገባም። «ዛሬ እዚህ ያለነው መርጠን ነውን?» ብለን እንጠይቅ። አንድ ዓመትም ቢሆን፣ መርጠን እንኑረው።

ስለ ደስታ ተጠይቀን እስካሁን ብዙ አልተናገርንም። የምናውቀው ጥቂት ስለ ሆነ ነው። ደስታን ፈልገን ወደ ጋዝጊብላ አልመጣንም፤ በመጀመሪያው ዓመትም አላገኘነውም። ከዚያች የባልቴት ጥያቄ በኋላ ግን በልባችን ብዙ ታግለን ሻንጣችን ውስጥ የነበረውን ማመልከቻ አወጣንና ቀደድነው። የቀን መቁጠሪያውን ግን አልጣልነውም፤ የእናቶች የምዝገባ ቀንና የዘር ማደያ ቀን እንጽፍበት ጀመር። ኽምጣንኛ ሰላምታ ለመማር ተቀመጥን፤ ሕፃናቱ አነጋገራችንን ሰምተው እስኪበቃቸው ሣቁብን። ደስታው መቼ እንደ መጣ ቀኑን ልንነግራችሁ አንችልም። በአንድ የክረምት ማታ፣ የሠራነው እርከን የመጀመሪያውን ጎርፍ ይዞ ማደሩን ለማየት በዝናብ ውስጥ ስንሮጥ፣ ማንም ሳያዘን መሮጣችንን ያወቅነው ኋላ ነው። እርከኑ በሁለት ስፍራ ተደርምሶ ነበር። በማግስቱ ባለ መሬቶቹና እኛ አብረን መለስነው።

እኒያን እናት ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አግኝተናቸዋል። አንድ ቀን በገበያ መካከል ከመካከላችን አንዱን በስሙ ጠሩት። ስሙን አሳስተው ነው የጠሩት። እርሱም አላረማቸውም፤ እስከ ዛሬ በዚያው ስም ይጠሩታል፤ እኛም አሁን በዚያው እንጠራዋለን።

የተወደዳችሁ ሆይ፣ ነገ ጠዋት ከእናንተ አንዳንዱ ስንቁን ይዞ መንገድ ይወጣል፤ አንዳንዱም በሬውን ይጠምዳል። ሁለቱንም እግዚአብሔር ይባርክ። ሁላችንም በእጃችን ያለችውን ምርጫ፣ ትንሽም ብትሆን፣ ሌላ ሰው ወይም ፍርሃት እንዳይመርጥልን ዓይናችንን ገልጠን እንምረጣት። ከመረጥን በኋላም ለቀናት ሳይሆን ለዓመታት እንድንጸና እርሱ ይርዳን።

አሜን።